ክፍት ንድፍን መሸጥ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል? የጆይስቲክ አዳፕተር ክርክር

ነዳፊዋ፣ ሙኒክ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የዘመኑን ብሉቱዝ ጆይስቲክ ኮሞዶር 64 ከሚባለው አሮጌ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ቦርድ ሠርቼ ጨርሻለሁ። ንድፉን፣ ፕሮግራሙንና የዕቃ ዝርዝሩን ለሕዝብ ልለቅቅ ነው። ከዚያ በፊት በአንድ ጉዳይ እንድትሟገቱልኝ እፈልጋለሁ። ማንም ሠርቶ ይሽጠው ልበል ወይስ «ለንግድ አይውልም» የሚል ገደብ ላኑርበት? የእኔ ልብ ወደ ገደቡ ያደላል።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። ቀደም ሲል የለቀቅሁትን የተመሳሳይ አዳፕተር ንድፍ አንድ ሻጭ ወስዶ አባዛው። ጥፋቱ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ማሽኑን ላስረዳ። በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 በአታሪ የጨዋታ ማሽኖች የተለመደው ባለ ዘጠኝ እግር ቀዳዳ አለው። አሠራሩ ቀላል ነው። አራት አቅጣጫና አንድ መተኮሻ አለ፤ አንዱ ሲጫን መስመሩ ከመሬት፣ ማለትም ከዜሮ ቮልት መስመር፣ ጋር ይገናኛል፣ ሲለቀቅ ይለያያል። መስመሮቹ በቀጥታ የሚገቡት 6526 ወደሚባለው ቺፕ ሲሆን ይኸው ቺፕ ኪቦርዱንም ያነባል። ስለዚህ አዳፕተር መስመሩን ወደ መሬት ይስባል ወይም ይተወዋል እንጂ ቮልት ሊገፋበት አይገባም። ኮምፒውተሩ ወደ ታች ሲስብ አዳፕተሩ ወደ ላይ ከገፋ ሁለቱ ይታገላሉ፤ የሚጎዳውም ዛሬ የማይመረተው አሮጌው ቺፕ ነው። ሻጩ ሳንቲም ለመቆጠብ ብሎ መስመሩን ወደ መሬት ብቻ የሚስቡትን የመካከል ትራንዚስተሮች አውጥቶ ማይክሮኮንትሮለሩን፣ ማለትም ፕሮግራሙን የሚያስኬደውን ቺፕ፣ በቀጥታ አገናኘው። ኃይሉንም ከጆይስቲኩ ቀዳዳ ወሰደ። ያ ቀዳዳ እንዲሰጥ የተፈቀደለት 50 ሚሊ አምፔር ብቻ ነው፤ ኢኤስፒ32 የሚባለው ማይክሮኮንትሮለሩ ግን በብሉቱዝ ሲያስተላልፍ ከ100 በላይ ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ የተበላሸበት ሰው ደብዳቤ የጻፈው ለሻጩ አልነበረም። ስሜ ቦርዱ ላይ ስለነበረ ለእኔ ጻፈ። ማሽኑ ከአባቱ የቀረለት ነበር።

ሰብሳቢው፣ ሜሪላንድ፦
እኅቴ፣ ገደቡን አኑሪ። እኔም ባለፈው ዓመት ከሌላ ክፍት ንድፍ የተባዛ አዳፕተር ገዝቼ ነበር፤ የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲኬን ፈጽሞ አላወቀውም። ከፍቼ ሳየው በንድፉ ላይ የተጻፈው የመጀመሪያው ኢኤስፒ32 ሳይሆን ኤስ3 የሚባለው ተበይዶበታል። ኤስ3 የሚያውቀው አነስተኛ ኃይል የሚጠቀመውን ብሉቱዝ ብቻ ነው፤ የእኔ ጆይስቲክ ደግሞ የሚሠራው በነባሩ ብሉቱዝ ነው። ሻጩ ይህን ስላላወቀ ወይም ስላልተጨነቀ ገንዘቤን ወሰደ። ትርፉ የእርሱ፣ ወቀሳው የነዳፊው ሆኖ እስከ መቼ?

ጠጋኙ፣ አዲስ አበባ፦
ሁለታችሁም የደረሰባችሁን በደል አልክድም። ነገር ግን ገደቡ በማን ላይ እንደሚወድቅ እስቲ ከእኔ ወንበር ሆናችሁ እዩት። ከውጭ የተመለሰ ደንበኛ ያው ባለ ዘጠኝ እግር ቀዳዳ ያለውን አታሪ ኤስቲ የሚባል አሮጌ ኮምፒውተር አምጥቶልኝ አስነሣሁለት። ጆይስቲክ ግን የለውም። ቦርድ ሲታዘዝ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት ፍሬ በታች አይታዘዝም። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ለእኔ ደግሞ እዚህ ተቀምጦ ወደ ውጭ መክፈል ራሱን የቻለ መከራ ነው። ዘመድ ይለመናል፣ ዕቃው በሰው ሻንጣ ይመጣል። አንዱን ለደንበኛዬ ሠርቼ አራቱን ካልሸጥሁ ኪሳራ ነው። «ለንግድ አይውልም» የሚለው ጽሑፍ ለዚያ ለማያፍረው ሻጭ ቃል ብቻ ነው፤ ለእኔ ግን በር መዝጋት ነው። እኔ ፈቃድ አነብባለሁ፤ እርሱ አያነብብም።

ሽቦ ወዳዱ፣ ለንደን፦
እኔ ደግሞ አዳፕተሩ ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም። የድሮው ጆይስቲክ በሽቦ ይሰካል፣ ቺፕም ፕሮግራምም አይፈልግም። የአውሮፓው ኮሞዶር በሰከንድ 50 ምስል ያሳያል፤ ለእያንዳንዱ 20 ሚሊ ሰከንድ ነው። ብሉቱዝ ከዚያ ላይ የሚወስደው ጊዜ ጨዋታው ፈጣን ሲሆን በእጅ ይታወቃል።

ጠጋኙ፣ አዲስ አበባ፦
ወንድሜ፣ የድሮው ጆይስቲክ የውስጥ ማብሪያዎች ያልቃሉ። ያንን ደረቅ ዘንግ ጨብጦ መጫወት የማይችል እጅ ያለውም ሰው አለ። ይህን ሌላ ጊዜ እንነጋገርበት፤ የተጠየቅነው ስለ ፈቃዱ ነው።

መምህሩ፣ ባሕር ዳር፦
ኤሌክትሮኒክስ ለረጅም ዓመታት አስተምሬያለሁና ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ «ክፍት ሃርድዌር» የሚለው ስም የታወቀ ትርጉም አለው። ማንም ንድፉን ሊያጠና፣ ሊለውጥ፣ ሊሠራና ሊሸጥ ይችላል። ሽያጭን የከለከለ ሰው መብቱ ነው፤ ሥራውን ግን በዚያ ስም ሊጠራው አይገባም። ሁለተኛ፣ የቅጂ መብት የሚጠብቀው ሥዕሉንና ፋይሉን ነው። ሰርኪዩቱ የሚሠራው ሥራ በአብዛኛው ከቅጂ መብት ውጭ ነው፤ ለዚያ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ያስፈልጋል። ሥዕሉን አይቶ በራሱ እጅ እንደገና የነደፈን ሻጭ በገደቡ ለመያዝ ትቸገሪያለሽ። ስለዚህ ገደቡ በተግባር የሚያስረው ጠጋኛችንን ነው።

ልጄ፣ የምመክርሽ ሰርን የሚባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ያዘጋጀውን የክፍት ሃርድዌር ፈቃድ ነው። በ2011 ወጣ፣ በ2020 ሁለተኛው እትም በሦስት ዓይነት ተዘጋጀ። ከሦስቱ ጠንካራው ሽያጭን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ቦርዱን ለውጦ የሚያሰራጭ ሰው የለወጠውን ንድፍ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ትራንዚስተሮቹን ያወጣ ሻጭ ማውጣቱ በገዛ ሰነዱ ይታያል ማለት ነው። ስሙን ደግሞ ለብቻው ያዢው። በ2005 ኢጣሊያ ውስጥ የተጀመረውን፣ ንድፉ ክፍት የሆነውን የማይክሮኮንትሮለር ቦርድ አርዱኢኖን አስቢ። ቦርዱን ማንም ይሠራል፣ «አርዱኢኖ» ብሎ መሸጥ ግን አይችልም።

ነዳፊዋ፣ ሙኒክ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የቅጂ መብት ሰርኪዩቱን የማይጠብቀው ከሆነ የሰርን ፈቃድም በዚያው መሠረት ላይ የቆመ አይደለምን? ለገደቡ ያልጠነከረው መሠረት ለሰርን ፈቃድ እንዴት ይጠነክራል? የንግድ ምልክት ለማስመዝገብም ገንዘብ ያስፈልጋል። እኔ ከሥራ በኋላ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የምበይድ ሰው ነኝ።

መምህሩ፣ ባሕር ዳር፦
ትክክል ብለሻል፤ ድክመቱ የሁለቱም ነው። ፕሮግራሙ ግን ሙሉ በሙሉ በቅጂ መብት የተጠበቀ ነው፣ ያለ ፕሮግራሙም ቦርዱ ዝም ያለ ዕቃ ነው። ለውጡን የማሳወቅ ግዴታውን በፕሮግራሙም ላይ አድርጊ። ስምሽን ደግሞ ከቦርዱ ሥዕል ላይ አንሥተሽ ከፋይሎቹ ጋር ብቻ ተዪው። ያን ጊዜ ሌላው ያበላሸው ቦርድ ስምሽን ተሸክሞ አይዞርም።

ጠጋኙ፣ አዲስ አበባ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ደግሞ ከወረቀት ይልቅ መለኪያ የሚያድን ይመስለኛል። ገዢው ከመሰካቱ በፊት ራሱ የሚፈትሽበት ዘዴ ከንድፉ ጋር ይውጣ። አዳፕተሩ ከኮምፒውተሩ ሳይገናኝ በራሱ የዩኤስቢ ኃይል ይብራ። ምንም ሳይጫን በመልቲሜትር ከ8ኛው እግር፣ ማለትም ከመሬት፣ ወደ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እና 6 ይለካ። ጤነኛው ወደ ዜሮ ይጠጋል። 3.3 ወይም 5 ቮልት ካሳየ አይሰካ። በራሱ ኃይል የማይበራ፣ ከጆይስቲክ ቀዳዳው ብቻ የሚጠጣ ከሆነም ያው መልስ ነው።

መምህሩ፣ ባሕር ዳር፦
መልካም ነው፣ አንድ እርማት ብቻ። ጤነኛ ሆኖም መስመሩን በደካማ ሬዚስተር ወደ ላይ የሚይዝ አዳፕተር አለ፤ እርሱም ቮልት ያሳያልና በከንቱ ይኮነናል። በሚለካው እግርና በመሬት መካከል 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገብታችሁ ለኩ። በደካማ ሬዚስተር የተያዘው ቮልት ወደ ዜሮ ይወድቃል፤ በቀጥታ የሚገፋው ግን እንዳለ ይቆማል።

ሰብሳቢው፣ ሜሪላንድ፦
ፍተሻው ግሩም ነው፤ እኔ ግን ሐሳቤን አልለወጥሁም። መልቲሜትር የሌለው ገዢ ይበዛል። ለልጁ ስጦታ የሚገዛ ሰው ሬዚስተር አስገብቶ አይለካም። እኔም ኤስ3ን ያወቅሁት ከፍቼ ስላየሁ ነው። የሚሸጥ ሰው ነዳፊውን አስቀድሞ ይጠይቅ፣ ናሙና ያሳይ፤ ይህን መጠየቅ ክፉ አይደለም።

ጠጋኙ፣ አዲስ አበባ፦
ጠይቁ ካላችሁ እጠይቃለሁ። ነዳፊዋ መልስ የማትሰጥበት ቀን ሲመጣስ? ብሉቱዝ ጆይስቲክን ከድሮ የጨዋታ ማሽኖች ጋር የሚያገናኘውን ብሉሬትሮ የተባለ ክፍት ሥራ እይ። ፈቃዱ ሽያጭን ይፈቅዳል፣ በእርሱ ላይ ተመሥርተው የተሠሩ አዳፕተሮች በብዙ ሻጮች እጅ አሉ። ሰው ሁሉ በአንድ ነዳፊ ደጅ ቢሰለፍ ኖሮ አሁን የደረሰበት ባልደረሰ።

ነዳፊዋ፣ ሙኒክ፦
ሌሊቱን ሳስብበት አደርሁ። ጠንካራውን የሰርን ፈቃድ እወስዳለሁ፤ ሽያጭ ይፈቀዳል። ስሜን ከቦርዱ ላይ አንሥቻለሁ። ወንድሜ ሰብሳቢው፣ የአንተን ስጋት አልተውሁትም፤ ፕሮግራሙ ሲነሣ የቺፑን ዓይነት አይቶ የመጀመሪያው ኢኤስፒ32 ካልሆነ በቀይ መብራት እንዲያስጠነቅቅ አደርገዋለሁ። ይህን ማስጠንቀቂያ ከፕሮግራሙ የሚያጠፋ ሻጭ ማጥፋቱን በጽሑፍ ማሳወቅ ይኖርበታል። የፍተሻውን መመሪያ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ እኔ እጽፈዋለሁ። ጠጋኛችን፣ የአማርኛውን አንተ ትጽፍልኛለህ?

ጠጋኙ፣ አዲስ አበባ፦
እጽፋለሁ። የእግሮቹ ሥዕል ከአዳፕተሩ በኩል የሚታየው ይሁን፤ ከኮምፒውተሩ በኩል ሲታይ ግራና ቀኙ ይገለበጣልና ሰው 8ኛውን እግር እንዳይስት።