ሁለት ያገለገሉ ሞተሮች ልንገዛ ነው፣ ሁለታችንም ጀማሪ ነን፤ ምን እንይ?

ሐይቅ ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ነን፣ እኔና ባለቤቴ። ሁለታችንም ሞተር ነድተን አናውቅም፤ ማሰልጠኛ ገብተን ክላሱን ጨርሰናል፣ ተግባሩ ቀርቶናል። ሥራችን በተለያየ አቅጣጫ ስለሆነ ለየራሳችን አንዳንድ ልንገዛ አስበናል። ደላላው ለእሱ አፓቼ 180፣ ለእኔ ቦክሰር 150 አግኝቻለሁ ይላል። እሱ ረጅም ነው፣ እኔ 1 ሜትር ከ58 ነኝ። ሄደን ስናየው ምን እንፈትሽ? ወረቀቱስ?

ማርሽ አራት
እህቴ፣ መጀመሪያ ለደላላው ደውዪና «ከመምጣታችን በፊት ሞተሩ እንዳይነሳ» በይው። ስትደርሱ እጃችሁን ወደ ሞተሩ አስጠጉ። ሞቆ ከጠበቃችሁ በሌላ ቀን ተመለሱ፤ ጠዋት ጠዋት አልነሳ የሚል ሞተር ገዢ ሲመጣ ቀድሞ ተነስቶ ነው የሚጠብቀው።

ሲነሳ ከማርሚታው ትንሽ ነጭ እንፋሎት ወጥቶ ቢጠፋ ችግር የለውም። ጥቁር ጭስ ቤንዚን በዝቶበታል ማለት ነው፤ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ታፍኖ ወይም ካርቡራተሩ ሳይስተካከል ቀርቶ ይሆናል፣ ቀላል ወጪ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ግን ዘይት እየበላ ነው። ጋዝ ሲሰጠው ያለማቋረጥ ሰማያዊ የሚያጨስ ከሆነ ብዙ ጊዜ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ሲሊንደሩ አልቋል። ጋዙ ተለቆ እንደገና ሲሰጠው ብቻ ቡፍ የሚል ከሆነ የቫልቭ ጎማው ነው። በሁለቱም መንገድ ሞተር ይከፈታል፤ ለጀማሪ አይሆንም።

ሰንሰለቱን ከታች በኩል መሐሉ ላይ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት፤ ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ቢጫወት ደህና ነው። የኋላውን ጎማ እያዞራችሁ ሦስት አራት ቦታ ላይ ሞክሩት። አንዱ ጋ ጠብቆ ሌላው ጋ ከላላ ሰንሰለቱ አልቋል፣ ማጥበቅ አያድነውም። የኋላው ጥርስ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ጥርሳም ክብ ብረት) ጫፉ ሾሎ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ደግሞ ሰንሰለቱም የፊትና የኋላ ጥርሱም አብረው ይቀየራሉ። ባረጀ ጥርስ ላይ አዲስ ሰንሰለት ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው። ይህን ከዋጋው አስቀንሱ።

ዋናው መሪው ነው። በመሐል ማቆሚያው አቁሙት፣ አንድ ሰው ከኋላ ተጭኖ የፊት ጎማውን ከመሬት ያንሳ። ከዚያ መሪውን በሁለት ጣት ብቻ ቀስ አድርጋችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ውሰዱት። ልክ ቀጥ የሚልበት ቦታ ላይ ቀጭ ብሎ ከያዘ የመሪው ኩሽኔታ (መሪው የሚዞርባቸው የብረት ኳሶች) ተበልቷል። ኩሽኔታ ይቀየራል፤ ግን ግጭት አይቶም ሊሆን ስለሚችል ከመሪው አንገት ሥር ሻንሲውን በባትሪ ብርሃን እዩ። እዚያ ላይ ብየዳ ወይም ከሌላው የተለየ አዲስ ቀለም ካለ በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

ፍሪሲዮኑን (የሞተሩን ኃይል ከማርሹ ጋር የሚያገናኘውን) እናንተ ስለማትነዱ የራሳችሁ መካኒክ ይሞክረው (ሻጩ ያመጣው አይሁን)። በ4ኛ ማርሽ ቀስ እያለ ጋዙን ድንገት ይክፈተው፤ የሞተሩ ድምፅ ጨምሮ ፍጥነቱ ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። አንዳንዴ መንስኤው የመኪና ዘይት መሞላቱ ነው፤ የእነዚህ ሞተሮች ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ ነው የሚሠራው፣ የመኪና ዘይት ሊያሟልጨው ይችላል።

ፍሬቻ
ወረቀቱን እኔ ልበል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። የሻንሲው አብዛኛውን ጊዜ የመሪው አንገት ጎን ላይ ተቀርጿል፤ በጣት ዳብሱት፣ የተፋቀ ወይም አንዱ ፊደል ጠልቆ ሌላው ተንሳፍፎ ከሆነ ተዉት። ሰሌዳ የሌለውን «በኋላ ይወጣል» ቢሏችሁ አትስሙ፤ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ከሌለው አይወጣም።

ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ፋይሉ ያለበት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አጣሩ። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት፣ ካላገባ ያላገባ ማስረጃ ይጠየቃል። በውክልና የሚሸጥ ከመጣ ውክልናው ላይ «ለመሸጥ» የሚል መኖሩንና አለመሻሩን እዩ። ቦሎውና የሦስተኛ ወገን መድኑ ያለፈበት ከሆነ ውዝፉን ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ።

ታቦር
ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ሁለቱን ባንድ ጊዜ መግዛቱን አልደግፍም። አንድ ቦክሰር ግዙ፣ መንጃ ፈቃዳችሁ እስኪወጣ ሁለታችሁም በእሱ ተለማመዱ፣ ሁለተኛውን ከዚያ በኋላ ግዙ። የወደቀ ሞተር አንድ ብቻ ይሆናል፤ ጀማሪ ደግሞ መጣሉ አይቀርም፣ የሚበዛውም ቆሞ ወይም ሲዞር ነው።

ሁለተኛውም ያው ሞዴል ቢሆን እመርጣለሁ። ፊልትሮው፣ የፍሬን ሸራው፣ ገመዱ ለሁለቱም ይሆናል። ከዚህ የሚበልጠው ማርሹ ነው። አፓቼ አንደኛው ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ላይ ነው። ሁሉም ማርሽ በአንድ አቅጣጫ የሚገባባቸው ሞተሮችም አሉ። የተለያየ አገባብ ያላቸውን እየተለዋወጠ የሚነዳ ጀማሪ ማርሽ እጨምራለሁ ብሎ ይቀንሳል፣ የኋላው ጎማ ይቆለፍና ይንሸራተታል።

ስለ ቁመትሽ፦ ተቀምጠሽ የሁለቱም እግሮችሽ ፊት መሬት ከነካ ይበቃል። ተረከዝ ባይደርስም ግድ የለም። ከጎን ማቆሚያው አንስተሽ ወደ ኋላ አምስት እርምጃ ግፊው፤ ይህን ካልቻልሽ ከብዶሻል። ትንሽ ብቻ ከጎደለሽ የወንበሩን ስፖንጅ 2 ሳንቲሜትር ማስቀነስ ይቻላል።

ሐይቅ ዳር
እግዜር ይስጥልን፣ በአንዱ ልንጀምር ነው። ቦክሰሩ ቆጣሪው ላይ 14,000 ኪሎ ሜትር ነው የሚለው። ማመን ይቻላል? ደላላው «የግል ነው፣ ለሥራ አልዋለም» ብሎናል።

ማርሽ አራት
ቆጣሪውን ተዪው፣ ገመዱ ከተነቀለ አይቆጥርም። የማርሽ መርገጫውን ጎማ እዪ፤ በ14,000 ቅርጹ ገና አለ፣ ልሙጥ ሆኖ ብረቱ ከታየ ብዙ ሄዷል። ቀጥሎ የኋለኛውን ሰው መርገጫ ከነጂው ጋር አስተያዪ። የኋለኛው እኩል ወይም የባሰ ካለቀ ሰው ሲያመላልስ የኖረ ነው። የኋላው ጭነት ማሰሪያ ብሎኖች ዙሪያ ቀለሙ ተፍቆ ከሆነም ዕቃ ሲያደርስ ነበር። ጎማዎቹ ጎን ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮችም አንብቢ፤ 3219 ማለት በፈረንጆች 2019፣ 32ኛው ሳምንት ላይ ተመርቷል። የሁለቱ ጎማዎች ዓመት ከሞተሩ ዓመት ብዙ ዘግይቶ ከሆነ፣ ማለትም ተቀይረው ከሆነ፣ እነሱም ግማሽ ካለቁ ቆጣሪው ውሸታም ነው።

ከገዛችሁት በዚያው ቀን ዘይቱን ቀይሩ፤ 20 ደብሊው 50 (20W-50)፣ ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA፣ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን የሚሆን) የሚል፣ አንድ ሊትር ገደማ ይወስዳል። ሲፈስ በነጭ ጨርቅ አጣሩት። እንደ አሸዋ የሚያብለጨልጭ ብረት ከተገኘበት ለመካኒኩ ሳያሳዩ እንዳትነዱት።