ሸት ዳውን ብዬው እተኛለሁ፣ ጠዋት ስነሳ አልጠፋም

ሌሊት ገልባጭ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዊንዶውስ 10 ነው የምጠቀመው። ሥራዬ የድምፅ ቅጂ እየሰሙ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። ስለዚህ ዎርድ፣ የድምፅ ማጫወቻና ብራውዘር አብረው ተከፍተው ያመሻሉ። ስጨርስ ሸት ዳውን እለውና ዞር ብዬ ሳላየው እተኛለሁ። ጠዋት ስመጣ ፋኑ ይጮሃል። ስክሪኑ ላይ «ይህ አፕ እንዳይጠፋ እየከለከለ ነው» የሚል መልእክት፣ ከሥሩ «ሸት ዳውን ኤኒዌይ» እና «ካንስል» ተደቅነው ይጠብቁኛል። አንዳንዴ የፕሮግራሙን ስም ይጽፋል፣ አንዳንዴ ስም የሚባል ነገር የለም። ኧረ እባካችሁ፣ ሳይጠይቀኝ ራሱ ዘግቶ እንዲጠፋ የሚደረግበት መንገድ የለም?

ባለ ኪቦርዱ፦

አለ፣ ቀላል ነው። የዊንዶውስን ቁልፍና አርን አብረሽ ተጫኚና ሬጅኤዲት (regedit፣ የዊንዶውስ ውስጣዊ ቅንብሮች ማስተካከያ) ብለሽ ግቢ። ኤችኪ ከረንት ዩዘር፣ ከዚያ ኮንትሮል ፓነል፣ ከዚያ ዴስክቶፕ። በቀኝ በኩል አዲስ ስትሪንግ ቫልዩ (የጽሑፍ ዋጋ) ፍጠሪ፤ ዲወርድ (የቁጥር ዋጋ) እንዳይሆን። ስሙ አውቶኤንድታስክስ (AutoEndTasks) ነው፣ ያለ ክፍተት ተያይዞ ይጻፋል። ዋጋውን 1 አድርጊው። ከአካውንትሽ ወጥተሽ ተመልሰሽ ግቢ። ግልግል።

ቀዝቃዛ ቡት፦

ግልግሉስ ይገኛል። ግን እህቴ፣ በአንቺ ሥራ ላይ እኔ ቶሎ አልነካውም።

ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የሚሆነው እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም «ልንዘጋ ነው፣ ዝግጁ ነህ?» ብሎ መልእክት ይልካል። መልስ የሚጠብቀው 5 ሰከንድ ያህል ነው። ዝም የሚለው ፕሮግራም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የምር ሀንግ ያደረገ ነው፤ እሱ ቢገደል ማንም አያለቅስለትም። ሌላው ግን ደህና ነው፣ «ሴቭ ላድርግልሽ?» ብሎ አንቺን እየጠበቀ ነው። አውቶኤንድታስክስ ሁለቱን አይለይም። ጥያቄውንም ጠያቂውንም ጠራርጎ ይዘጋል። ዎርድ በነባሪው በየ10 ደቂቃው የማገገሚያ ቅጂ ያስቀምጣል፤ ከመጨረሻው ቅጂ በኋላ የገለበጥሽው ግን አብሮ ሊሄድ ይችላል።

እዚያው ቦታ ሀንግአፕታይምአውት የሚባል ሌላ ዋጋ አለ። በሚሊሰከንድ ነው፣ ነባሪው 5000። ኢንተርኔት ላይ «1000 አድርጉት፣ ይፈጥናል» የሚሉ ሞልተዋል። እኔ አልስማማም። ትልቅ ፋይል እየከፈተ ለአፍታ ዝም ያለ ጤነኛ ፕሮግራም ሁሉ እንደ ሞተ ይቆጠራል።

መጀመሪያ ማን እንደሚከለክል እወቂ። ዛሬ ሸት ዳውን በይውና አትሂጂ፣ ተቀምጠሽ እዪው። ያ ስክሪን ሲመጣ ካንስል በይ፣ ወደ ዴስክቶፕ ይመልስሻል። ከዚያ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዝቅ አድርጊ። ብዙ ጊዜ ከኋላ የተደበቀች ትንሽ የጥያቄ ሳጥን ትገኛለች። ስም የሌለው ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም ድብቅ መስኮት ነው። ሰዓቱ ጎን ካሉት ትንንሽ ምልክቶች አንዱን እየዘጋሽ ሞክሪ።

ሌሊት ገልባጭ፦

አገኘሁት! የድምፅ ማጫወቻው ነው። ዎርድን ዝቅ ሳደርገው ከሥሩ «የፋይሎቹ ዝርዝር ተቀይሯል፣ ይቀመጥ?» የምትል ሳጥን ብቅ አለች። እኔ ዝርዝር የሚባል ነገር ተጠቅሜም አላውቅ። ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ ጥያቄውን አጠፋሁት፣ አሁን ላፕቶፑ ወዲያው ድርግም ይላል። ስም የለሹ ግን አንዳንዴ አሁንም ይመጣል። ባለ ኪቦርዱ፣ ያንተን ዘዴ ብሞክረውና ባይመቸኝ መመለስ ይቻላል?

ባለ ኪቦርዱ፦

እንዴታ። ዋጋውን 0 አድርጊው ወይም ራሱን ሰርዢው፣ ወደ ድሮው ይመለሳል። ቀዝቃዛ ቡት ያለው ልክ ነው፣ ሥራሽ ዎርድ ላይ መሆኑን ልብ አላልኩም ነበር። ከተጠቀምሽበት ከመነሳትሽ በፊት ኮንትሮልና ኤስን መጫን እንዳትረሺ።

ቀዝቃዛ ቡት፦

አንድ ነገር ልጨምር። የፕሮግራም ስም ሳያሳይ «ሸቲንግ ዳውን» በሚለው ላይ እየተሽከረከረ የሚቆይ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ሰርቪስ፣ ማለትም መስኮት ሳይኖረው ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም፣ ሊሆን ይችላል። የእሱ መጠበቂያ ኤችኪ ሎካል ማሽን ሥር ነው፣ ነባሪው እሱም 5000። አውቶኤንድታስክስ እዚያ ምንም አይፈይድም። ለስም የለሹ ታስክ ማኔጀር ውስጥ ስታርትአፕ የሚለውን (ኮምፒውተሩ ሲከፈት አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞች ዝርዝር ነው) ክፈቺና የማትፈልጊያቸውን ዲሴብል አድርጊ። ግን አንድ በአንድ፣ አለዚያ ጥፋተኛው ማን እንደነበር አታውቂውም።