«ዲስፕሌይ አይሰጥም» ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ እዚህ ባሕር ዳር ጠጋኞች ኮምፒውተር ሲረከቡ በወረቀቱ ላይ ዘወትር የሚጽፉት «ዲስፕሌይ አይሰጥም» የሚል ነው። ሐረጉ የሚያመለክተው የሞኒተሩን መበላሸት ነው ወይስ የኮምፒውተሩን? «ስክሪኑ ጠቆረ» ከሚለውስ በምን ይለያል?

መልስ፦ ግሱን ልብ ይበሉ፤ «መስጠት» የሰጪው ሥራ ስለሆነ የሐረጉ ባለቤት ኮምፒውተሩ እንጂ ሞኒተሩ አይደለም። በጥብቅ አነጋገር ሐረጉ የሚነገረው ማሽኑ ተነሥቶ፣ ፋኑ እየዞረ፣ ምስሉ ግን ወደ ሞኒተሩ ሳይደርስ ሲቀር ነው። «ኖ ሲግናል» (ምልክት አልደረሰኝም) የሚል ጽሑፍ የሚያወጣ ሞኒተር ቢያንስ መብራቱና ፓነሉ እንደሚሠሩ ስለሚያሳይ፣ መፈተሽ የሚገባው ወደ ኋላ ነው፦ ገመዱ ላልቶ እንደሆነ፣ በሞኒተሩ ላይ የተመረጠው መግቢያ ቪጂኤ ሆኖ ገመዱ ኤችዲኤምአይ ላይ ተሰክቶ እንደሆነ፣ ወይም ለብቻው ግራፊክስ ካርድ (ምስሉን የሚያዘጋጅ ካርድ) ባለው ኮምፒውተር ላይ ገመዱ ከካርዱ ይልቅ ከማዘርቦርዱ (ከዋናው ሰሌዳ) ተሰክቶ እንደሆነ። ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ ራሙን (ጊዜያዊ ማስታወሻውን) ነቅሎ መልሶ በትክክል መሰካት የተለመደ ነው።

«ጠቆረ» ግን ሌላ ነገር ነው። ክፍሉን አጨልመው የስልክ መብራት ወደ ስክሪኑ በጎን ሲያበሩ የዴስክቶፑ አይከኖች በስሱ ከታዩ፣ ምስሉ ደርሷል፤ የሞተው የጀርባ መብራቱ ነው። ይህን «ዲስፕሌይ አይሰጥም» ብሎ መጻፍ፣ በእኔ እምነት፣ ጠጋኙን ጥፋት የሌለበትን ማዘርቦርድ ያስፈታዋል።

ሌላ አባል፦ ትንታኔው መልካም ነው፤ የሰጪውን ነገር ግን ልማዱ አይደግፈውም። በጣና ዳር ባሉ አዳራሾች ስብሰባ ሲጀመር «ፕሮጀክተሩ ዲስፕሌይ አይሰጥም» ሲባል እንሰማለን፤ እዚያ ባለቤቱ ተቀባዩ ሆኗል። ጉዳዩም ብዙ ጊዜ ብልሽት ሳይሆን ምርጫ ነው፦ የዊንዶውስ ቁልፍን ከፒ ጋር ተጭኖ ምስሉ በኮምፒውተሩም በፕሮጀክተሩም ላይ እንዲታይ ማዘዝ ይበቃል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ቃል አለ። ሪዞሉሽንን ብዙዎቻችን «ጥራት» እንለዋለን፤ ቃሉ የሚለካው ግን የነጥቦችን ብዛት፣ ለምሳሌ 1920 በ1080፣ ነው። ሞኒተሩ ከሚችለው በላይ የሆነ ሪዞሉሽን ወይም የሄርዝ መጠን (ምስሉ በሰከንድ የሚታደስበት ብዛት) ከታዘዘ «አውት ኦፍ ሬንጅ» (ከአቅም ውጭ) ብሎ ይጨልማል፤ «ጥራቱን ከፍ ባደርግ ጠፋ» የሚሉ ሰዎች ግራ የሚጋቡት ለዚህ ነው። መፍትሔው በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በመሠረታዊ ነገሮች ብቻ በሚነሣበት ሁኔታ) ገብቶ ልኩን ዝቅ ማድረግ፣ ቀጥሎም ሞኒተሩ በተሠራበት ልክ ላይ መመለስ ነው። ከዚያ ልክ በታች ሲሆን ደግሞ ፊደሉ ስለሚደበዝዝ፣ «ጥራት» የሚለው ቃል ሥር የሰደደው ሳይገባው አይመስለኝም።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። እንግዲያው በመረከቢያው ወረቀት ላይ ከሐረጉ ይልቅ ስክሪኑ ያወጣውን ጽሑፍ እንዳለ መገልበጥ ይሻላል።