ግጥም ስቀበል ደጋኑ ለምን ይቆማል?

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን
ጤና ይስጥልኝ። ማሲንቆ መማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ያጠናሁትን ትዝታና ባቲ ያለ ችግር እጫወታለሁ፤ ነገር ግን ባለፈው በአንድ ሠርግ ላይ አንድ አዛውንት «ተቀበል!» ብለው ግጥም ሲሰጡኝ፣ እንዳልሳሳት ብዬ ጣቶቼን አየሁና ደጋኑ ጭራው ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። አስቤ አይደለም ያቆምኩት። ነባር አዝማሪዎች ግጥም እየሰሙና እየጨመሩ እጃቸው የማይስተው እንዴት ነው?

መልስ፣ ከደብረ ሲና
ቻርልስ ሊምብና አለን ብራውን በ2000 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 2008) ባወጡት ጥናት ስድስት የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቾችን በኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ እያጫወቱ አንጎላቸውን ተመልክተዋል። ተጫዋቾቹ ያጠኑትን ትተው ከራሳቸው ሲፈጥሩ፣ ራስን የሚከታተለውና የሚያርመው የፊተኛው አንጎል የጎን ክፍል ሥራው ቀንሶ፣ የመሀሉ ክፍልና እንቅስቃሴን የሚመሩት አካባቢዎች ግን ይበልጥ ሲሠሩ ታይቷል። ስድስት ሰው ጥቂት ነው፤ ፒያኖም ማሲንቆ አይደለም። ሆኖም ደጋንዎ የቆመው ጣትዎን መቆጣጠር በጀመሩበት ቅጽበት መሆኑን ራስዎ ጽፈውታል። ለዓመታት የተደጋገመ እንቅስቃሴ ያለ ሐሳብ ይሠራል፤ ሐሳብ ጣልቃ ሲገባበት ግን እንደ ጀማሪ ይንቀራፈፋል።

መልስ፣ ከመንዝ
ልጄ፣ ጣትህን ማየቱ ምን ይጠቅምሃል? ማሲንቆ ጣት የሚያርፍበት እንጨት የለውም፤ ጭራው በአየር ላይ ስለሚነካ ድምፁን የሚያቃናው ጆሮ ነው። ደግሞም አዝማሪ ከባዶ አይነሳም። የተሰጠውን ስንኝ ሲያዜም ለሚቀጥለው ፋታ ያገኛል፤ ቤት የሚመታበትን ቃል አስቀድሞ ይይዝና ወደ ኋላ እየሞላ ይመጣል። የወል ቤት የሚባለው የግጥም ዓይነት ስንኙ ለሁለት ተከፍሎ ስድስት ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል) ስለሆነ፣ መሀሉ ላይ ትንፋሽህም ደጋንህም አብረው ይመለሱ። እኔ የተማርኩት፣ ሰው ወሬ እየጠየቀኝ ማሲንቆ በመምታት ነው፤ መልሱንም በዜማ እንድሰጥ እገደድ ነበር።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቴ። ትናንት ማታ እኅቴ ስለ ገብስ ዋጋ እየጠየቀችኝ ትዝታን ሞከርኩ። ደጋኑ አልቆመም፤ መልሴ ግን ስድስተኛው ቀለም ላይ እየተቆረጠ ዋጋውን ሳትሰማ ቀረች። ባቲ ላይ ገና አልደፈርኩም።