እናቴን ወደ ፖርትላንዱ የጽጌረዳ መናፈሻ መቼ ልውሰዳት?

ሕይወት፦ እናቴ በጁን መጀመሪያ ከደሴ ትመጣለች። ያደግሁት ግቢዋ ውስጥ ጽጌረዳ ስትኮተኩት እያየሁ ነውና ከምንም በፊት እዚህ አሜሪካ፣ ኦሪገን ግዛት ፖርትላንድ ከተማ ዋሽንግተን ፓርክ ውስጥ ያለውን መናፈሻ ላሳያት ቆርጫለሁ። ግን ጉልበቷን ያማታል፣ መኪናም የለኝም። መቼና በስንት ሰዓት ይሻላል? መግቢያውስ ስንት ነው?

ጋሻው፦ መግቢያው በነጻ ነው። በቀላል ባቡር ዋሽንግተን ፓርክ ጣቢያ ውረዱ። ጣቢያው 79 ሜትር ያህል ከመሬት በታች ስለሆነ በሊፍት ነው የሚወጣው፤ እንዳትደነግጥ አስቀድመሽ ንገሪያት። ከዚያ የፓርኩ ነጻ አውቶቡስ አለ።

እትዬ አልማዝ፦ ሕይወት ልጄ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ጁን አጋማሽ ላይ፣ በሥራ ቀን፣ ማለዳ ውሰጃት። ፀሐይ ሳይበረታ ሽታው ሌላ ነው፤ ሰውም አይበዛም። ቦታው ተዳፋት ላይ በእርከን የተሠራ ስለሆነ ደረጃ ይበዛዋል። ከ10 ሺህ በላይ ተክል ስላለ ሁሉንም ላሳይሽ ብለሽ አታድክሚያት። አንድ መደብ ምረጪና እዚያው ረጋ ብላ ታሽትት። ፎቶው ይደርሳል።

ደግሞ ሁሉም አይሸትም። ከዝዋይ ለውጭ ገበያ የሚላከው ጽጌረዳ የሚዳቀለው ተቆርጦ ብዙ ቀን እንዲቆይ ነው፤ ሽታው ብዙ ጊዜ ደካማ የሆነውም ለዚህ ነው። እዚህ ግን ጠጋ ሲሉት እንደ ሎሚ ልጣጭ የሚሸት ቢጫ ጽጌረዳ አለ፤ ጠል እንዳዘለ አፍንጫዋን ታስጠጋው። ቀጋን የምታውቅ እናት፣ ያንን ባለ አምስት ነጭ ቅጠል የዱር ጽጌረዳችንን፣ እዚህ ቅጠሉ ተደራርቦ መሐሉ የማይታይ አበባ ስታገኝ ጉድ ትላለች።

አንድ ነገር ደግሞ ንገሪያት። መናፈሻው እ.ኤ.አ. በ1917 የተመሠረተው በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፓ የጽጌረዳ ዝርያዎች እንዳይጠፉ ተብሎ ነው። ደሴ ጦርነት ምን እንደሆነ አይታለችና እናትሽ ይህን ከእኛ በላይ ትረዳዋለች።

ሕይወት፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ። አንድ ስጋት አለኝ፤ ቅርንጫፍ ቆርጣ ልትተክል መፈለጓ አይቀርም።

እትዬ አልማዝ፦ መቁረጥ ክልክል ነው፤ አበባም አይቀጠፍም። የወደደችውን ስም ከተክሉ ሥር ካለው ጽሑፍ ገልብጪና ችግኝ መሸጫ ሄዳችሁ ጠይቁ። ሰገነት ካለሽ በትልቅ ማሰሮ ይበቅላል፤ እሷ ትትከልልሽ።