በአሮጌ የመኝታ ቫን ረጅም የተራራ ጉዞ፦ ከመነሳቴ በፊት ምን ላስፈትሽ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። ዕድሜው ከ40 ዓመት ያለፈ፣ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና አነስተኛ ማቀዝቀዣ የተገጠመለት ቫን አለኝ። ሞተሩ ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ክፍል ያለው) ቤንዚን ሲሆን በውሃ የሚቀዘቅዝ ነው፤ ማርሹ በእጅ የሚቀየር ባለ 4 ማርሽ ነው። በሜዳ መንገድ እስካሁን አላሳፈረኝም። በሚቀጥለው ወር ግን ከባለቤቴ ጋር ለ3 ሳምንት፣ አንዳንድ ቦታ ከ3,000 ሜትር በላይ በሚወጣ ተራራማ መንገድ ለመጓዝ አስበናል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ዳገቱ ነው፤ ሞተሩ አቅም ያንሰዋል ወይም ይግልብኛል ብዬ ስለምሰጋ ትልቅ ራዲያተር ላስገጥም ነው። ያለኝን ጥቂት ገንዘብ እዚያ ላይ ማዋሌ ትክክል ነው ወይስ ቅድሚያ ልሰጠው የሚገባ ሌላ ነገር አለ?

የመጀመሪያ መልስ

ራዲያተሩን ለጊዜው ይተዉትና ፍሬኑን ያስፈትሹ። መኪና ዳገት ላይ ሲቸግረው ይቆማል፤ ቁልቁለት ላይ ሲቸግረው ግን አልቆምም ይላል።

2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቫን 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ ሸክሙን ፍሬኑ ብቻውን ይያዘው ቢባል፣ የሚፈጠረው ሙቀት 70 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ይህ ሁሉ ሙቀት መጀመሪያ የፍሬኑን ሸራ (ተፋትጎ ጎማውን የሚያቆመውን ክፍል) ያግላል፣ ቀጥሎም ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሻገራል። ፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የመምጠጥ ባሕርይ አለው። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መፍላት የለበትም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ በቧንቧው ውስጥ ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል እንጂ ግፊቱን ወደ ጎማው ስለማያደርስ ፔዳሉ ወለል ይነካል። እኔ ይህንን የተማርኩት ለዓመታት ዘይቱ ባልተቀየረ ቫን ረጅም ቁልቁለት ስወርድ ነው። ፔዳሉ ድንገት ለስልሶ እግሬ ሥር ሲሰምጥ፣ ያተረፈኝ ማርሹ 2ኛ ላይ መሆኑና መንገዱ ትንሽ ቆይቶ ሜዳ መሆኑ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ያስቀይሩ፣ ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱት የላስቲክ ቱቦዎች ያረጁ ከሆኑም አብረው ይቀየሩ። ሲወርዱ ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ ይውረዱ፤ ማርሹንም ቁልቁለቱ ሳይጀምር ይቀንሱ፣ ምክንያቱም መኪናው አንዴ ከፈጠነ በኋላ ማርሽ ለመቀነስ መሞከር ፎሌ ላይ (ምንም ማርሽ ሳይገባ) ሊያስቀርዎ ይችላል። ፍሬኑን ጠበቅ አድርገው ይያዙና ይልቀቁት እንጂ እግርዎን ሳያነሱ እያሻሹ አይውረዱ።

ሁለተኛ መልስ

ስለ ፍሬኑ ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ የጠያቂው ስጋት ግን መሠረት የሌለው አይደለም። እንዲህ ያለ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ 3,000 ሜትር ላይ ቀድሞ የነበረው አቅም ከሞላ ጎደል ሲሶው ይጎድላል። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ የሚሰጠው ቤንዚን በአንጻሩ ስለሚበዛ ጥቁር ጭስ ሊያዩ ይችላሉ። ይህ የአሮጌ ሞተር ጠባይ ነውና በ1ኛና በ2ኛ ማርሽ በትዕግሥት መውጣት ነው። (ከኋላዎ የሚሰለፉት ሾፌሮች ትዕግሥት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሰፋ ያለ ቦታ ባገኙ ቁጥር ዳር ይዘው ያሳልፏቸው።)

ሙቀቱን በተመለከተ፣ ትልቅ ራዲያተር ከመግዛትዎ በፊት ክዳኑን ይቀይሩ። ውሃ 3,000 ሜትር ላይ 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ በራዲያተር ውስጥ ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝ ነው። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግፊቱን ያስተነፍሳል፣ ባለቤቱም ሞተሩን ይወቅሳል። ነባሩን ራዲያተር ማሳጠብ፣ ቴርሞስታቱን (የውሃውን ዝውውር እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋውን ክፍል) እና የቬንትሌተሩን (የማራገቢያውን) ቺንጋ ወይም ቀበቶ ማየት በቂ ሊሆን ይችላል። ዳገት ላይ የሙቀት መለኪያው ከፍ ማለት ከጀመረ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱት፤ ተሳፋሪውን ያልበዋል እንጂ ለሞተሩ እንደ ተጨማሪ ራዲያተር ያገለግለዋል። የቤንዚን ቱቦዎቹንም አይርሱ፤ የተሰነጠቀ ቱቦ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ቢያንጠባጥብ ቃጠሎ ያስነሳል።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ራዲያተሩን ትቼ በፍሬኑ እጀምራለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሌሊቱ በረዷማ እንደሚሆን ተነግሮናልና ምድጃውን ለጥቂት ጊዜ ለኩሰን ቫኑን ብናሞቅ ችግር አለው?

ሦስተኛ መልስ

እባክዎ ይህንን አያድርጉ። በተዘጋ ቫን ውስጥ የሚነድ ምድጃ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም ያመነጫል፤ ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ጭሱን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ማሞቂያ ከሌላችሁ ወፍራም የመኝታ ከረጢት ይሻላል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወልም ግዙ፣ የአሮጌ መኪና የጭስ ማውጫ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላልና በጉዞ ላይም ይጠቅማችኋል። ጋዙ ቡቴን ከሆነ ከዜሮ ዲግሪ በታች ስለማይተን ጠዋት ምድጃው አይነድላችሁም፤ ፕሮፔን ግን ይሠራል። ደግሞም ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩ ከሆነ፣ የማደሪያችሁን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከበረታባችሁም ማረፍ ብቻውን አይበቃምና ወደ ዝቅተኛ ቦታ ውረዱ።

የመጀመሪያው መላሽ በድጋሚ

አንድ የዘነጋሁት ነገር አለ። ከጉዞው በፊት ውሃውንም ዕቃውንም ሙሉ በሙሉ ጭነው፣ ባለቤትዎም አብረውዎት ተቀምጠው፣ አንድ ደህና ቁልቁለት ወርደው ይሞክሩት። ታች ሲደርሱ ቆመው እጅዎን ሳያስነኩ ወደ እያንዳንዱ ጎማ ያስጠጉ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ወይም የተቃጠለ ሸራ ከሸተተዎ፣ ያ ቫን ገና ከጋራዥ አልወጣም።