34 ሳምንት ሊሞላኝ ነው፣ ግፊቴ 150/100 ነው፦ አሁን ልውለድ ወይስ ልጠብቅ?

ጠያቂ (ነፍሰ ጡር ከልደታ)

ሰላም እናንተ። ቸኩዬ ነው የምጽፈው፣ ቢዘበራረቅ ይቅርታ።

የመጀመሪያ እርግዝናዬ ነው። ዛሬ 33 ሳምንት ከ5 ቀን ሆነኝ። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሥራዬ ሜክሲኮ። እስከ ባለፈው ወር ሁሉም ሰላም ነበር። ከዚያ እግሬ አበጠ፣ ቀለበቴ አልወልቅ አለ። "እርግዝና ነው" ብለን አለፍነው። ሰኞ ለክትትል ስሄድ ግፊቴ 150/100 ሆነ። ከአራት ሰዓት በኋላ ሲለካም ያው ነው። ሽንቴ ላይ ፕሮቲን ሁለት ፕላስ ተገኘ። የደም ምርመራው ግን ደህና ነው ተባልኩ፣ ጉበቱም ኩላሊቱም። ራሴን አያመኝም፣ ልጄም ይንቀሳቀሳል። ሜቲልዶፓ የሚባል የግፊት መድኃኒት ጀምሬያለሁ።

ጭንቀቴ ይሄ ነው። በግል ክሊኒክ የሚያየኝ ሐኪም "34 ሲሞላ እናዋልድሽ፣ ምን እንጠብቃለን?" አለኝ። ሪፈር የተጻፈልኝ ሆስፒታል ያሉት ደግሞ "እየተከታተልን እስከ 37 እንሂድ" አሉኝ። ማንን ልመን? አማቴ በበኩላቸው "የሰባት ወር ልጅ ይተርፋል፣ የስምንት ወር ግን አይተርፍም፤ ዘጠኝ ሳይገባ እንዳትነኩት" ይላሉ። ባሌ ዝም ብሎ ያየኛል። ያለፋችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ።

አዋላጇ

አይዞሽ እህቴ። አዋላጅ ነርስ ነኝ። ካርድሽን ስላላየሁ ውሳኔ አልሰጥሽም። ግራ የገባሽን ነገር ግን ላፍታታልሽ።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ። 33 ከ5 ያልሽው በምን ተቆጥሮ ነው?

ጠያቂ

በመጨረሻው የወር አበባዬ። በ9ኛው ሳምንት የተነሳሁት አልትራሳውንድም ያንኑ ነው የሚለው።

አዋላጇ

በጣም ጥሩ። የጠየቅኩሽ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አልትራሳውንድ በሰባተኛው ወር ስለሚነሳ ነው። ያኔ የሚነገረው ዕድሜ እስከ ሦስት ሳምንት ሊሳሳት ይችላል። 34 ነው የተባለው 31 ሆኖ ሲወለድ ጉዱ የሚታየው ያኔ ነው። ያንቺ ቁጥር ይታመናል።

አሁን ወደ ሐኪሞቹ። ያለብሽ ፕሪክላምፕሲያ ይባላል፣ በእርግዝና የሚመጣ የግፊት በሽታ ነው። መነሻው የእንግዴ ልጁ ነው። እሱ ውስጥ እስካለ ድረስ በሽታው አይለቅም። የምትወስጂው መድኃኒት ግፊቱን ያወርዳል እንጂ በሽታውን አያቆምም። ስለዚህ መፍትሔው መውለድ ነው የሚለው ላይ ሁለቱም ይስማማሉ። ልዩነታቸው መቼ የሚለው ላይ ነው።

37 ሳምንት ከሞላ ማንም አይጠብቅም። ግፊቱ 160/110 ከደረሰና አልወርድ ካለ፣ ዓይን ብዥ ካለ፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት ከ100,000 በታች ከወረደ፣ ጉበት ከተነካ፣ ይሄ ከባዱ ዓይነት ነው። 34 ከሞላ ይወለዳል። የሚጥል ነገር ከመጣ ወይም የእንግዴ ልጁ ከተላቀቀ ደግሞ ሳምንት አይቆጠርም። እናትየዋን አረጋግቶ ማዋለድ ነው።

አንቺ ያለሽው መሀል ላይ ነው። ከባዱ ምልክት የለሽም፣ ሳምንቱም 34ና 37 መሀል ሊገባ ነው። ጎበዝ ሐኪሞች የሚለያዩት እዚህ ጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አለ፣ በእንግሊዝና በዌልስ 901 እንዳንቺ ያሉ ሴቶችን የያዘ። ግማሾቹ ቶሎ ወለዱ፣ ግማሾቹ እየታዩ ጠበቁ። ችግር የገጠማቸው እናቶች ቶሎ ከወለዱት ከመቶ 65 ሲሆኑ፣ ከጠበቁት 75 ናቸው። ችግር የተባለው በብዛት የግፊቱ ክፉኛ መውጣት ነው። በሕፃናቱ በኩል ነገሩ ተገለበጠ። ቶሎ ከተወለዱት ከመቶ 42ቱ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ገቡ፣ ከጠበቁት 34ቱ። አየሽ? አንዱ ሐኪም አንቺን አስቀድሞ ያያል፣ ሌላው ልጁን። ሁለቱም አልዋሹሽም።

"እንግሊዝ ሌላ፣ እኛ ሌላ" ካልሽም ልክ ነሽ። በሕንድና በዛምቢያም ተመሳሳይ ጥናት ተደርጓል። እዚያ ቶሎ ማዋለዱ ሞቶ የሚወለደውን ሕፃን ቀንሷል፣ ጨቅላ ክፍል የሚገባውንም አላበዛም።

አንድ ነገር ግን ነገ አትበይው። የልጁን ሳንባ የሚያበስለው መርፌ፣ ዴክሳሜታዞን፣ ተሰጥቶሻል? በየ12 ሰዓቱ አራት ጊዜ ነው የሚወጋው። የሚመከረው እስከ 34 ሳምንት ነው፣ ላንቺ ሁለት ቀን ቀረው። ዛሬውኑ ደውለሽ ጠይቂ።

የስምንት ወር ልጅ እናት

አማትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፣ ግን የስምንት ወሩ ነገር ልክ አይደለም። በየሳምንቱ ሳንባው እየበሰለ ነው የሚሄደው፣ ስምንት ላይ ወደ ኋላ የሚመለስበት ምክንያት የለም። እኔ በ34 ሳምንት ከ2 ቀን ነው የወለድኩት። ኦፕራሲዮን ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፣ ምጥ አስጀምረውኝ በምጥ ወለድኩ። ቶሎ መውለድ ማለት የግድ መቀደድ አይደለም።

1.9 ኪሎ ነበረች። አልቅሳ ነው የወጣችው፣ መጥባት ግን አልቻለችም። እየታለበ በአፍንጫዋ ቱቦ ይሰጣታል። በሦስተኛው ቀን ቢጫ ሆነች፣ ሰማያዊ መብራት ስር አስተኟት። ከዚያ ደረቴ ላይ አጣብቀው አሰሩልኝ፣ የካንጋሮ እንክብካቤ የሚሉት። ሙቀቷን የጠበቀችው እዚያ ነው። አሥራ አንድ ቀን ቆየን። ቀላል ነበር አልልሽም፣ ባዶ እቅፍ ይዞ ወደ አራስ አልጋ መመለስ ያማል። አሁን ኬጂ ሁለት ናት። ትናንት የጎረቤት ብርጭቆ ሰበረች።

ጠብቄ ያየሁ

ላስፈራራሽ አይደለም። እኔ 35 ሳምንት ላይ "ተኝተሽ እንይሽ" ስባል እምቢ ያልኩ ነኝ። ሥራ አለብኝ፣ ሆስፒታል ተኝቶ ምን ይሠራል ብዬ። ቤቴ ሆኜ ጠበቅኩ። አንድ ማታ ከጎድኔ ስር በቀኝ በኩል ያዘኝ። ጨጓራዬ ነው ብዬ ወተት ጠጣሁ። ራሴን ሲያመኝም ፓናዶል ዋጥኩ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጣለኝ አሉ። አላስታውስም። ልጄን ያየኋት በአራተኛው ቀን ነው።

"እንጠብቅ" ሲሉሽ የት ሆነሽ እንደሆነ ጠይቂ። ሆስፒታል ተኝቶ መጠበቅና አራተኛ ፎቅ ላይ መጠበቅ አንድ አይደለም። እነዚያን ምልክቶች ደግሞ ባልሽም ይወቃቸው፦ የማይለቅ ራስ ምታት፣ ዓይን ላይ ብልጭ ብልጭ ማለት፣ ያ "ጨጓራ" የሚመስለው ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ደም፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ። አንዱ ከመጣ እስኪነጋ አይጠበቅም።

የሰፈር ሰው

እህቴ ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ ብዪ፣ ጨው ተዪ፣ ጸበል ጠጪ። የእህቴ ልጅ በዚህ ነው የዳነችው።

አዋላጇ

ጸበሉን ትጠጣ፣ ማን ይከለክላታል። መድኃኒቷን ግን እንዳታቋርጥ። ነጭ ሽንኩርትም ጨው መተውም ይሄንን በሽታ አያድኑትም። ዕድሜ ልክ ያለ የደም ግፊት ሌላ ነው፣ ይሄ ሌላ።

ባል ነኝ

ይሄ ለባልሽ ነው። ወንድሜ፣ ዝም ብለህ አትያት።

ደረጃው ላይ አስብበት። ከአራተኛ ፎቅ ራሷን ስታ እንዴት ትወርዳለች? ከታች ፎቅ ዘመድ ካላችሁ እዚያ ትክረም። መኪና ያለው ጎረቤት ስልክ ያዝ፣ ሌሊት ራይድ እሺ የማይልበት ሰዓት አለ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ እሳትና አደጋ 939። የደም ዓይነቷን እወቅ፣ የሚለግሱ ሁለት ሰዎች ቀድመህ አናግር። በመንግሥት ተቋም ወሊድ በነፃ ነው፣ ግን "መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዛ" ይመጣል። ብር ያዝ።

ትልቁ ግን ይሄ ነው። የምትወልድበት ቦታ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል አለው? አልጋ አለው? እኛ ሳንጠይቅ ገባን። ልጄ ተወልዶ "ቦታ የለም" ተባለና ሌላ ሆስፒታል ተላከ። ሚስቴ ኦፕራሲዮን ሆና እዚህ፣ ልጄ እዚያ፣ እኔ የታለበ ወተት ጃኬቴ ውስጥ ሸጉጬ በሚኒባስ መሀል መሀል። አሥር ቀን። ልጁ ውስጥ እያለ ሁለቱን አንድ ላይ ማዛወር ይሻላል።

ሒሳብ ክፍል

ሥራሽ የግል ድርጅት ከሆነ በአዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30 የሥራ ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር አለሽ። 30ው ሳያልቅ ከወለድሽ 90ው ከወለድሽበት ቀን ይጀምራል። ከዚያ በፊትም ሐኪም ዕረፍት ካዘዘልሽ የሚከፈልበት ፈቃድ ነው። እኔን ከዓመት ፈቃዴ ቀንሰውብኝ ነበር፣ አዋጁን አትሜ ሳስቀምጥላቸው መለሱ። የሐኪሙን ወረቀት ኮፒ ያዢ። ባልሽ ሦስት ቀን ፈቃድ አለው፣ ያው ምን ይደርሳል።

አዋላጇ

ከሐኪሞቹ ጋር ስትነጋገሪ "ልውለድ ወይስ ልጠብቅ" ብለሽ ብቻ አትጠይቂ። "ምን ቢታይ ሐሳብዎን ይለውጣሉ?" በያቸው። የትኛው ቁጥር፣ የትኛው ምርመራ፣ በየስንት ቀኑ? ይሄን በግልጽ የሚመልስልሽ ሐኪም ጋር መጠበቅ ይቻላል። "እናያለን" ብቻ ካለሽ ግን እኔ ብሆን አልጠብቅም።

ጠያቂ (ከአራት ቀን በኋላ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያን ቀን ማታውኑ ሄድኩ። መርፌው አልተሰጠኝም ነበር፣ እዚያው ጀመሩልኝ፣ አራቱንም ጨረስኩ። ጥያቄውንም ጠየቅኳቸው። ዶክተሯ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። 160/110 በመድኃኒት ካልወረደ፣ ፕላትሌት ከ100,000 ከወረደ፣ ራስ ምታት ከመጣ፣ ወይም የልጁ እድገትና የእንሽርት ውሃው ከቀነሰ ወዲያው ይወለዳል። የደም ምርመራ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ግፊት በየአራት ሰዓቱ። እስከዚያ ተኝቼ ነው የምጠብቀው። የጨቅላ ክፍሉ እዚሁ ከታች ነው፣ ባሌ ሄዶ በዓይኑ አይቶ መጣ። ወረቀቱን ለክሊኒኩ ሐኪም በስልክ ሳነብለት "በዚህ እስማማለሁ፣ ቤት እንዳትሄጂ ብቻ" አለኝ።

ዛሬ ጠዋት 148/96 ነበር። ቀጣዩ ደም ሐሙስ ይወሰዳል። አማቴ አጥሚት ይዘው መጥተው ነበር። "እማዬ ገና አልወለድኩም እኮ" ስላቸው "ልምምድ ነው፣ ጠጪ" አሉኝ።

ጠብቄ ያየሁ

እሰይ! ማርያም በሽልም ታውጣሽ።

አዋላጇ

ደስ ይላል። አንድ ነገር ልጨምር፣ ስትወልጂ ሰው ሁሉ ልጁን ስለሚያይ ይረሳል። ግፊቱ ከወለድሽ በኋላ ባሉት ቀናት፣ በተለይ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን፣ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። እስከ ስድስት ሳምንት ድረስም ሊከሰት ይችላል። ቤት ገብተሽ ራስሽን ሲያምሽ "ምች ነው" ብለው ዳማከሴ ሊጨምቁልሽ ይነሳሉ። መጀመሪያ ግፊትሽን ይለኩሽ። ዳማከሴው የትም አይሄድም።